የድመት ማሠልጠኛ ዕቃዎች በደብረ ብርሃን፦ የትኛው ያዋጣል፣ የትኛው ገንዘብ ይበላል?

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባላል። ማሠልጠኛ ዕቃ ሊገዛ የሚያስብ ሰው ይህን አባባል በልቡ ቢይዝ ገንዘቡ አይባክንም። ድመት መቧጨር፣ መቆፈር፣ ከፍ ያለ ቦታ መውጣትና ማደን አትተውም። «አመሏን ያስተዋታል» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ የማይሆን ነገር ነው የሚሸጠው። የሚያዋጣው ለአመሏ ቦታ የሚሰጣት ነው፦ ጥፍሯን የምትስልበት እንጨት፣ የምትቆፍርበት አሸዋ፣ የራሷ የሆነ ምንጣፍ፣ እንዲሁም «ይኼን ነው የፈለግሁት» ብሎ በሰዓቱ የሚነግራት ድምፅ። እያንዳንዱን ዕቃ የመዘነው በዚህ ነው።

እንዲህ ዓይነት ዕቃ ደብረ ብርሃን ላይ እንደ ልብ አይገኝም። አብዛኛው 130 ኪሎ ሜትር ርቃ ከምትገኘው አዲስ አበባ በሰው ተልኮ ይመጣል፤ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት ወይም መሐል ሜዳ ላለ ሰው ደግሞ መንገዱ ይረዝማል። ዕቃው ደርሶ ሲፈታ «ጠበበ» ወይም «አይቆምም» ቢባል መመለሱ ከግዢው የባሰ ጣጣ ነው። ስለዚህ ከመታዘዙ በፊት ልኩንና አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። እዚሁ ገበያ ላይ ምትክ ያለውንም አብረን እናሳያለን። ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የብር መጠን አልጻፍንም።

ክሊከር

አውራ ጣት የምታህል የፕላስቲክ ዕቃ ናት። ውስጧ በትንሹ የጎበጠ ስስ ብረት አለ፤ ሲጫኑት «ቀጭ»፣ ሲለቁት እንደገና «ቀጭ» ይላል። ጥቅሟ ድምፁ አጭርና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። የሰው ድምፅ ግን እንደ ስሜቱ ይለዋወጣል፤ ጠዋት በደስታ የተባለው «ጎበዝ» ማታ በድካም ከተባለው «ጎበዝ» ጋር ለድመት አንድ አይደለም። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ማሪያንና ኬለር ብሬላንድ የተባሉ ባልና ሚስት ለተለያዩ እንስሳት ማሠልጠኛ ተጠቀሙበት፤ በኋላም የዶልፊን አሠልጣኟ ኬረን ፕራየር ለቤት እንስሳት ባለቤቶች በሰፊው አስተዋወቀችው። ባሕር ውስጥ ያለን ዶልፊን ጎትቶ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ድመትም እንደዚያው በግድ አትማርም፣ ብትገደድ ትሸሻለች እንጂ።

የመጀመሪያው ቀን ምንም አይጠየቅባትም። «ቀጭ» ይደረጋል፣ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ የምስር ክክ የምታህል ጉርሻ ትሰጣታለች። ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይደገማል፤ ከዚያ በቃ። ማታ ደግሞ አንዴ። የገባት መሆኑ የሚታወቀው ፊቷን ወደ ሌላ ቦታ አዙራ እያለች «ቀጭ» ሲባል ጆሮዋ ቀድሞ ዞሮ ዓይኗ ጉርሻውን ሲፈልግ ነው። ይህ ሳይታይ ወደሚቀጥለው ማለፍ ሥራውን ሁሉ ያበላሸዋል።

ከዚያ መቀመጥ ይመጣል። ጉርሻውን በሁለት ጣት ይዞ ከአፍንጫዋ በላይ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ላይ ካደረጉ በኋላ በዝግታ ወደ ጆሮዎቿ መካከል መግፋት ነው። አንገቷ ቀና ሲል ዳሌዋ ራሱ ይወርዳል። «ቀጭ» የሚባለው ዳሌዋ ወለሉን በነካበት ቅጽበት ነው፤ ተቀምጣ ስትነሳ ከተባለ የተማረችው መነሳትን ነው። ጉርሻው በጣም ከፍ ካለ፣ በኋላ እግሮቿ ቆማ በመዳፏ ትነጥቃለች፤ ቶሎ ከተገፋ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ወደ ኋላ የምትሄደውን ጀርባዋን ወደ ግድግዳ ጥግ አድርጎ መሞከር ይረዳል። «ተቀመጪ» የሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ አይነገርም። ከ10 ሙከራ 8ቱን ያለ ቃል መሥራት ስትጀምር፣ ከእጅ እንቅስቃሴው በፊት ቃሉ ይጨመራል።

አንድ ትምህርት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ፊቷን አዙራ መላስ ትጀምራለች። ጥሩ ሰዓቱ ምግብ ከመሰጠቱ በፊት ነው። የጠገበች ድመት ለጉርሻ ብላ አትደክምም።

ለመጥሪያ የሚሆን ቃል ስትመርጡ «ውሮ»ን ተዉት። ቤተሰቡ ሁሉ ሲያቅፋትም ሲያባርራትም «ውሮ» ስለሚላት ቃሉ ለእሷ ምንም ማለት አይደለም። ከምግብ ጋር ብቻ የሚነገር አጭር ቃል ይሻላል፤ «እንቺ!» ይበቃል። መጀመሪያ ከአንድ ሜትር፣ ከዚያ ከክፍሉ ማዶ፣ ከዚያ ከሌላ ክፍል። በዚያ ቃል ጠርቶ መድኃኒት መስጠት ወይም ማጠብ ግን የለም፤ አንዴ ከተደረገ ቃሉ ሞተ ማለት ነው።

በክሊከር ላይ በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች የታወቁ ናቸው። አንዱ እንደ ደወል መጥሪያ ማድረግ ነው። ሌላው ሦስት አራት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አድርጎ አንድ ጉርሻ መስጠት ነው፤ አንድ ድምፅ፣ አንድ ጉርሻ መሆን አለበት። በስህተት ቢጫኑትም ጉርሻው ይሰጣታል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሦስተኛው ደግሞ እጅ ከድምፁ በፊት ወደ ጉርሻው መሄዱ ነው። ድመት እጅ ነው የምታየው፤ እጁ ከቀደመ ድምፁን አትሰማውም። ጉርሻው በግራ እጅ ከጀርባ ይያዝ፣ ክሊከሩ በቀኝ፣ ድምፁ ሲያልቅ እጁ ይንቀሳቀስ።

ርካሹ ክሊከር ውስጡ ያለው ብረት ቶሎ ይዝግና ድምፁ ይታፈናል። አንዳንዱ ደግሞ ድንጉጥ ለሆነች ድመት ይጮህባታል፤ በካልሲ ጠቅልሎ መጫን ይበቃል። ካላገኛችሁ አትጨነቁ፦ ከላይ የሚጫኑት እስክሪብቶ ወይም መሃሉ ሲጫኑት ቀጭ የሚል የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን ያንኑ ሥራ ይሠራል። ዋናው ነገር ዛሬ እስክሪብቶ ነገ ክዳን አለመሆኑ ነው። ክሊከር በመንገድ የሚያልፍ ሰው ካለ ይላክላችሁ፤ ለእሱ ብቻ ተብሎ ግን ሥራው አይዘግይ።

ጉርሻው

በጥቅል የሚሸጠው የድመት ማባበያ ጥሩ ነው፤ ግን እንደመጣ ለትምህርት አይሆንም፣ ፍሬው ትልቅ ነው። በቢላ አራት ቦታ ይከፈል። ከቤት የሚገኘው የበለጠ ይወደዳል፦ ያለ ምንም ቅመም የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ፣ የተቀቀለ ጉበት፣ የተቀቀለ እንቁላል። ጉበት በየቀኑ አይሆንም፤ ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት ሲቆይ አጥንቷን ይጎዳል። ጥሬ ሥጋም ሳይቀቀል አይሰጥ።

መጠኑን በቁጥር መያዝ ያስፈልጋል። 4 ኪሎ የምትመዝን፣ ቤት ውስጥ የምትኖር ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ገደማ ይበቃታል፤ ከዚያ ውስጥ የጉርሻው ድርሻ ከአሥር አንዱን ማለፍ የለበትም። አንድ የተቀቀለ እንቁላል ከ70 እስከ 80 ካሎሪ ስላለው የቀኑ ጉርሻ የእንቁላል አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። በምስር ክክ ልክ ሲከተፍ ለሁለት ትምህርት ይተርፋል።

የወጥ ፍርፋሪ ጉርሻ አይሆንም። ይህን አጥብቀን የምንናገረው ቤት ቤቱ የተለመደ ስለሆነ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬውም የበሰለውም፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ጉዳቱ ወዲያው ሳይሆን ከቀናት በኋላ በድካምና በድድ መንጣት ይታያል። በሽንኩርት የተሠራ ሽሮም ያው ነው። ቋንጣም በጨውና በበርበሬ የታሸ ስለሆነ ይቅር። ወተት ብዙዎቹን አዋቂ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል፤ ከዚያ ሳጥኑን አላውቅ አለች ተብሎ እሷ ትወቀሳለች።

ጾም ሲገባ ችግሩ ሌላ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፣ የቤቱ ድስትም በፍስክ አይነካም። ድመት ግን ያለ ሥጋ መኖር የማትችል እንስሳ ናት፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ ስለማይሠራው ከሥጋና ከዓሣ ማግኘት አለባት፣ ካጣች ልቧና ዓይኗ ይጎዳል። በዚህ ወቅት ደረቁ የጥቅል የድመት ምግብ ዋጋውን ያወጣል፦ ምድጃ አይነካም፣ ክዳን ባለው ጣሳ ይቀመጣል፣ ፍሬው ለጉርሻም ይሆናል። ጾሙ ሳይገባ ቀደም ብሎ ማስላክ ይገባል። እንቁላል የሚቀቀልላት ከሆነም የራሷ ትንሽ ብረት ድስት ይለይላት።

መጸዳጃ ሳጥንና አሸዋው

ከውጭ የሚመጡት ሳጥኖች ትልቁ ጉድለታቸው ጥበታቸው ነው። ልኩ ድመቷ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ሥር ያላት ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ 45 ሳንቲ ሜትር ለሆነች ድመት ወደ 68 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ብዙዎቹ የሚሸጡት ሳጥኖች ግን 40 ወይም 50 ናቸው። ድመቷ ውስጡ መዞር ሲያቅታት የፊት እግሮቿን ሳጥኑ ውስጥ ታስገባና ዳሌዋ ውጭ ቀርቶ ወለሉ ላይ ትሸናለች። ሰው «አልተማረችም» ይላል፤ እሷ ግን የሚጠበቅባትን አድርጋለች። ክዳን ያለውን ሳጥንም አንመክርም። ሽታውን ከእኛ ይደብቃል እንጂ ውስጡ አምቆ ለእሷ ያኖረዋል።

የልብስ ማጠቢያ ሰፊ ሳፋ ከማንኛውም የተሻለ ነው። ጎኑ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይኑረው፤ ለግልገል ግን በአንድ በኩል መግቢያ ተቆርጦ ከመሬት እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ይበል። የተቆረጠው ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ካልለሰለሰ ሆዷን ይቧጭራታል። 20 ሊትር ጀሪካን በቁመቱ ተሰንጥቆ ለግልገል ያገለግላል፣ ለአዋቂ ግን አይበቃም።

ስለ አሸዋው በሰፊው ማውራት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ውድቀት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከውጭ የሚመጣው የሚረጋ አሸዋ ቤንቶናይት ከሚባል ሸክላ ይሠራል። ሽንቱን ይዞ ይደድራል፣ እንክብሉ ተለቅሞ ይጣላል፣ የቀረው ይቆያል። በሥራው ከሁሉም ይበልጣል። ችግሩ መጠኑ ነው። 60 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እንዲኖረው 12 ሊትር ይፈልጋል። ባለ 5 ሊትሩ ከረጢት 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ በዚያ ጥልቀት ሽንቱ ታች ደርሶ ወለሉ ላይ ይጣበቃል፣ ሲፋቅ ይፈረካከሳል፣ ሳጥኑ ይሸታል። ወይ በበቂ ይገዛ፣ ወይ ጭራሽ አይገዛ። ገና አፏን እየሞከረች ያለች የወር ወይም የሁለት ወር ግልገል ደግሞ አሸዋ ትውጣለች፣ ሆዷ ውስጥም ይረጋል፤ 4 ወር እስኪሞላት የማይረጋ ይሁንላት።

ምትኩ የወንዝ አሸዋ ነው። ለግንባታ የሚመጣው በወንፊት ተነፍቶ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ይደርቃል። ያው 12 ሊትር ወደ 18 ኪሎ ስለሚመዝን ሳጥኑ ቦታው ላይ ሆኖ ይሞላ። ሽንት አይቋጥርም፤ ስለዚህ እርጥቡ በጭልፋ እየተዛቀ፣ ሙሉው ደግሞ በሳምንት አንዴ ይቀየራል። ለመቆፈር የሚመች ስለሆነ ድመቶች ይወዱታል፤ ለማስተማርም ከሁሉ የቀለለ እሱ ነው።

አመድ በየቤቱ የተለመደ ነው፣ ደረቁም ሽታ ይይዛል። እርጥብ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ይሆናል፦ ሽንት የነካው አመድ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ የሚያቃጥል አልካሊ ይወጣዋል። መዳፏ ላይ ተለጥፎ ሲደርቅ ቆዳዋን ይሰነጥቀዋል፣ ስትልሰው አፏን ያቆስላል። ከሳጥኑ ወጥታ እግሯን የምታራግፍ፣ አንዱን መዳፍ ደጋግማ የምትልስ ድመት ካያችሁ አመዱን ለውጡ። ብቻውን አይሁን።

ሰጋቱራ ከእንጨት ቤት ሲመጣ የምን እንጨት እንደሆነ ይጠየቅ። የባሕር ዛፍና የጽድ ሰጋቱራ ሽታው ለአፍንጫዋ ይከብዳል፤ የባሕር ዛፍ ዘይት ራሱ ለድመት መርዝ ነው። የቺፑድ ብናኝ ሙጫ ስላለበት ጨርሶ አይገባ። ሌላ ዓይነት ሰጋቱራ፣ ሽታ የሌለውና ብናኙ የተነፋ፣ ለጊዜው ያገለግላል። የጤፍ ጭድ ልስልስ ስለሆነ ለግልገል ይሆናል፤ በሁለት ቀን መቀየር አለበት። የገብስ ገለባ አይሆንም። ደጋው በሙሉ የገብስ አገር ስለሆነ ቀድሞ እጅ የሚገባው እሱ ነው፤ ግን የዛላው ሹል ፀጉር በጣቶቿ መካከልና በጆሮዋ ገብቶ ወደ ውስጥ ይሄዳል።

ቦታው ከምግቧ የራቀ፣ ሰው የማይረግጥበት፣ ግን ተቀምጣ በሩን የምታይበት ይሁን። የሳጥን ቁጥር ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ ይብለጥ። ሳጥኑን ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ለሸዋ ሮቢት ይሆናል፤ ለደብረ ብርሃን ግን አይሆንም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ እርጥብ አሸዋ በብርዱ ይደድራል፣ ድመቷም ከሞቀ ባና ላይ ተነስታ ወደ ብርዱ አትወጣም። ያንኑ ባና ታረጥበዋለች።

ግልገልን ማስተማሩ ራሱ ቀላል ነው። መጀመሪያ በአንድ ክፍል ብቻ ትኑር። ከእንቅልፍ ስትነቃ፣ ከበላች በኋላና ተጫውታ ስታበቃ ሳጥኑ ውስጥ ትቀመጥ፤ እግሯን ይዞ አሸዋ ማስቆፈር ግን የለም፣ ያስፈራታል። ከዚህ ቀደም የረጠበ ጥቂት አሸዋ አዲሱ ላይ ቢቀር ሽታው መንገድ ያሳያታል። ስትጨርስ «ቀጭ»ና ጉርሻ።

ውጭ ብትሸና አፍንጫዋን በሽንቷ ማሸት የሚያስተምራት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰው ባለበት አለመሽናት። ከዚያ በኋላ ከአልጋ ሥርና ከቁም ሣጥን ጀርባ ነው የሚገኘው። ቦታው በጨርቅ ይጠጣ፣ ኢንዛይም እንዳለው ከረጢቱ ላይ በተጻፈ የዱቄት ሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ እኩል ውኃ በተቀላቀለበት አቼቶ ይታበስ። በረኪና አይሆንም፤ ከሽንት ጋር ሲገናኝ ለሳንባ መጥፎ የሆነ ጋዝ ያወጣል፣ ብዙ ድመቶችም ሽታው ይስባቸውና እዚያው ይመለሳሉ። ዴቶልም ለድመት መርዛማ ነው፤ ሳጥኑ በሙቅ ውኃና በሳሙና ብቻ ይታጠብ።

ሁለት ነገር ግን የትምህርት ጉዳይ አይደሉም። ወንድ ድመት ሳጥኑ ላይ ደጋግሞ እየተቀመጠ፣ እያቃሰተ፣ ጠብታ ብቻ ወይም ምንም ካልወጣው ቧንቧው ተዘግቷል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ካላየው ሊሞት ይችላል። ሌላው የቤቱ ነፍሰ ጡር ናት። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፣ ወደ ሰው ለመተላለፍ ግን ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ሳጥኑ በየቀኑ ይጠረግ፣ የሚጠርገውም ሌላ ሰው ይሁን።

መቧጨሪያ

ታሽገው የሚመጡት አጫጭር ምሰሶዎች፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቁመትና 30 ሳንቲ ሜትር መቀመጫ ያላቸው፣ ለፎቶ ያምራሉ፤ ለሥራ አይሆኑም። ድመት ስትቧጭር ጥፍሯን ብቻ አይደለም የምትስለው፤ ጀርባዋን እስከ መጨረሻው ትዘረጋለች፣ ክብደቷን ሁሉ ታንጠለጥላለች። ምሰሶው ካጠረ አይዘረጋትም፤ ቀልሎ አንዴ ከወደቀባት ደግሞ ዳግም አትነካውም። ሶፋው ግን አይወድቅም፣ ለዚህ ነው የምትመርጠው።

እዚሁ ማሠራት ይሻላል፣ አናጢም ብዙ አይፈጅበትም። የሚያስፈልገው በደንብ የደረቀና የተላጠ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 90 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው አጣና፣ 50 በ50 የሆነ ወፍራም ጣውላ ወይም ሁለት እጥፍ ኮምፔንሳቶ፣ 4 ረጃጅም ቪቴ፣ ኮላ፣ እና አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የቃጫ ገመድ ነው። ከምሰሶው ቁመት 80 ሳንቲ ሜትሩን ለመጠቅለል 28 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ 30 ይገዛ። ቪቴው ከታች በመቀመጫው በኩል ይግባ። ገመዱ ኮላ እየተቀባ፣ አንዱ ዙር ሌላውን አጥብቆ እየነካ ይጠቅለል። ሚስማር ከላይና ከታች ጫፍ ላይ ብቻ ይመታ፣ ራሱም እንጨቱ ውስጥ ይስመጥ፤ መሃል ላይ የተመታ ሚስማር ገመዱ ሲሳሳ ብቅ ይልና መዳፏን ይወጋታል። እርጥብ አጣና ከተሠራበት በወር ውስጥ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ገመዱም ይላላል። ናይሎን ገመድ አይሁን፤ ያንሸራትታል፣ ክሩም ጥፍሯን ይይዛል።

ሲያልቅ ጥግ ላይ መደበቅ የለበትም። ድመት የምትቧጭረው ስትነቃና ሰው ሲገባ ነውና ከምትተኛበት አጠገብ፣ ወይም አሁን የምትጎዳው ሶፋ ክንድ ፊት ለፊት ይቁም። ሶፋው ክንድ በላስቲክ ተሸፍኖ ለሦስት ሳምንት ያህል ይቆይ። መዳፏን ይዞ እንጨቱ ላይ ማሸት አያስፈልግም፤ ገመድ ጫፍ ላይ የታሰረ ላባ ምሰሶው ላይ ሽቅብ ይጎተት፣ ጥፍሯ ቃጫውን ሲይዝ «ቀጭ»። ከለመደች በኋላ ምሰሶው በቀን ጥቂት ሳንቲ ሜትር እየተገፋ ወደሚፈለገው ቦታ ይሄዳል።

ምንጣፍና አጎዛ የምትቧጭር ድመት ቆሞ የሚቧጨር አይማርካትም። ለእሷ ወፍራም ጆንያ ጣውላ ላይ ተወጥሮ መሬት ላይ ይቀመጥላት።

ስፕሬይ

«ድመት እንዳትነካ» ተብሎ የሚሸጠውን አትግዙ። ሽታው በሰዓታት ይበናል፣ እሷም ዞር ብላ ሌላውን ሶፋ ትይዛለች። ብዙዎቹ የሎሚና የሌላ ተክል ዘይት አለባቸው፣ ፀጉሯ ላይ ሲያርፍ ትልሰዋለች። ሚጥሚጣ መነስነስም ዓይኗን ማጥፋት ነው። ውኃ መርጨትም የሚያስተምራት የሚረጨውን ሰው መፍራት ነው፤ ሰውየው ሲወጣ መሶቡ ላይ ትመለሳለች።

መሶብና ጠረጴዛ ላይ የምትወጣውን የሚመልሳት የራሷ ቦታ ነው። ከመንዝ የመጣ ወፍራም ባና ቁራጭ፣ 40 በ40 ያህል፣ ከማዕዱ ራቅ ብሎ ከፍ ባለ በርጩማ ላይ ይነጠፍ። መጀመሪያ አንድ መዳፍ ስታሳርፍበት «ቀጭ»፣ ቀጥሎ አራቱም እግር ሲወጣ፣ ቀጥሎ ስትቀመጥበት፣ ከዚያ 5 ሰከንድ፣ 20 ሰከንድ፣ አንድ ደቂቃ። ጉርሻው ሁልጊዜ ባናው ላይ ይቀመጥላት፣ በእጅ አይሰጣት። ይህ የሚሠራው ግን ከማዕድ ላይ ማንም ካላጎረሳት ነው። ከስድስት ሰው አንዱ በየመሃሉ ቁራጭ ሥጋ ከጣለላት ትምህርቱ አይያዝም፤ አልፎ አልፎ የሚገኝ ነገር ዘወትር ከሚገኘው ይልቅ ያጓጓታልና።

መያዣ

ለክትባት ሲኬድ ድመቷን በጆንያ ወይም በካርቶን መያዝ ቢቀር ይሻላል። ካርቶን ሽንት ሲነካው ታቹ ይከፈታል፣ እሷም ባጃጅ መሃል ታመልጣለች። ከሚሸጡት ውስጥ ጥሩው ጠንካራ ፕላስቲክ ሆኖ ላዩ የሚፈታው ነው፤ ሐኪሙ ክዳኑን አንስቶ እዚያው ውስጥ እንዳለች ያክማታል። የጨርቅ ቦርሳው ዚፑን በጥፍሯ ትከፍተዋለች። ቆማ መዞር ከቻለች ልኩ በቂ ነው። ጠንካራው ፕላስቲክ ገንዘብ ቢወጣበት ከማይቆጭ ዕቃ አንዱ ነው። ካልተገኘ ጥብቅ ክዳን ያለው ቅርጫት፣ ክዳኑ በገመድ በሁለት በኩል ታስሮ ያገለግላል።

መያዣው የሐኪም ቀን ብቻ ከጓዳ የሚወጣ ከሆነ ገና ስታየው ትጠፋለች። በሩ ወይም ክዳኑ ወልቆ ሳሎን ውስጥ ይኑር፣ የምትተኛበት ጨርቅ ይነጠፍበት፣ ምግቧ መጀመሪያ ከደጁ፣ ከዚያ ከአፉ፣ ከዚያ ከውስጥ ይሰጣት። ገብታ ስትበላ ለ2 ሰከንድ ተዘግቶ ይከፈት፤ ቀስ በቀስ ወደ 5 ደቂቃ ይድረስ። ከዚያ ተነስቶ ክፍሉን አንዴ ይዙር፣ ቀጥሎ ደጅ። መጮህ ከጀመረች እርምጃው በዝቷል፣ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለስ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 3 ወር ሲሞላት ይጀመራል፣ ድመትም በሽታውን ለሰው ታስተላልፋለችና አይታለፍም። የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒኮች ብዙ ሥራቸው ከከብትና ከበግ ጋር ስለሆነ ለድመት የሚሆነው ክትባት መኖሩ አስቀድሞ በስልክ ይጠየቅ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሰው ከመንገዱ በፊት 4 ሰዓት ያህል ምግብ አይስጣት፤ ጠመዝማዛው ያስመልሳታል። መያዣው ላይ ስስ ነጠላ ጣል ይደረግበት፣ የማታየው ነገር ብዙም አያስደነግጣትም። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲደረስ ግን ነጠላው ይነሳ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ያሞቃት ጨርቅ እዚያ አየር ያሳጣታል።